የሚቆራርጥ ዲኤክስ (አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ) ለያዛችሁ፦ ከማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የት ብታሳዩ፣ ምን ብትገዙ ይሻላል

ከፍኖተ ሰላም አንድ ወንድም «ዲኤክሴ ዳገት ላይ ይቆራርጣል፣ ሚኒሞ ላይም (ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፤ ካርቡሬተር ልቀይር?» ብሎ ጠይቋል። ወንድሜ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት አሳይ።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ባለፈው ክረምት ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ መኪናዬ መቆራረጥ ጀመረች። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ደጀን 2,400 ገደማ ነው። ማርቆስ ስደርስ የገባሁበት ጋራዥ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበው። አልተሻላትም። እንደገና አጠበው፣ እንደገና ከፈልኩ። በሦስተኛው «ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይውረድ» ሲለኝ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ያዳነኝ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ ነው። ምንም አልፈታም። «ሲጨልም ተመለስ» አለኝ። ማታ መብራት በሌለበት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ሦስተኛው ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው) በሚሄደው ገመድ ላይ ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ ሲዘል በዓይኔ አየሁት። ገመዱ ተሰንጥቋል። ሜዳ ላይ እንደምንም ይሠራል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ሲጫነው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ይታመቃል፤ ካንዴላው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። እሳቱ ደግሞ ቀላሉን መንገድ መርጦ በስንጥቁ ይሸሻል። ክረምት ላይ እርጥበቱ ያባብሰዋል። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሳቱን ለአራቱ ገመዶች የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ መኪና የሚያስነሳበት ቀን አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ይህ ነው፦ ካርቡሬተር ከሚያጥበው መካኒክ በፊት ኤሌትሪሺያን ጋ ሂድ። ክፍያው ያነሰ ነው፣ የሚፈታ ነገርም የለም። ጎበዝ መሆኑን የምታውቀው «ስንተኛው ሲሊንደር ነው?» ብሎ ከጀመረ ነው። ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ የሞተው ሲሊንደር እሱ ነው። አንተ ራስህ ልትሞክረው ከሆነ ግን በባዶ እጅህ እንዳትነካው፤ ኮረንቲው ኃይለኛ ነው። የተነቀለውም ገመድ አየር ላይ አይንጠልጠል፤ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክተህ ብረት አስነካው፣ አለዚያ ኮይሉ (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው) ይጎዳል። ገመዶቹን ስትመልስ ደግሞ የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። ስንት ሰው ሁለቱን አቀያይሮ አዲስ ችግር ፈጥሯል!

ባሕር ዳር ወስደህ በኮምፒውተር ማስመርመርን ብዙዎች ይመክራሉ። ለቪትዝና ለአዳዲሶቹ እስማማለሁ። ማሽኑ «ፒ 0303» ካለ ሦስተኛው ሲሊንደር ይስታል (አልፎ አልፎ ሳያቀጣጥል ያልፋል) ማለት ነው፤ ለምን እንደሚስት ግን አይናገርም። ካርቡሬተር ላለው ዲኤክስ ግን መሰኪያውም የለው። ለዚያ ብለህ ነዳጅ አታቃጥል።

እሳቱ ደህና ሆኖ መቆራረጡ ከቀጠለ ያኔ መካኒክ ፈልግ፤ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) መለኪያ እንዳለው በስልክ ጠይቅ። የሌለው ሰው ቴስታታ ይውረድ ሲልህ በግምት ነው። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ ጥሩ። አንዱ ብቻ ከወረደ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ ይድገመው፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ ከቴስታታው ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን ጠርጥር። ቫልቭ ሲባልም አትደንግጥ። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ከካንዴላ ዴንሶም ኤንጂኬም ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ በነሱ መካከል ምረጥ ካላችሁኝ የተገኘውን ግዙ እላለሁ። የሚለየው ዋናና አስመስሎ የተሠራው ነው። እኔ ከአንድ ሱቅ በግማሽ ዋጋ የገዛኋቸው አራት ካንዴላዎች ወር ሳይሞላቸው የአንዱ ነጭ ሸክላ ላላ። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ፣ የአራቱም ክፍተት በዓይን የሚለያይ ከሆነ ተዉት። ቁጥሩንም ከአሮጌው ጋር አመሳክሩ። በኤንጂኬም በዴንሶም መጨረሻ ላይ 11 ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ ፑንቲና (የኮይሉን ኮረንቲ የሚቆራርጥ መገናኛ) አሮጌ ሞተር ላይ ይህ ይሰፋል።

ገመድ ግን አዲስ፣ ሙሉ አራቱን ግዙ። ያገለገለ አትግዙ፤ የሌላውን ሰው ስንጥቅ መግዛት ነው። ማርቆስ ከጠፋ ባሕር ዳር ይገኛል። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት በዚህ ጊዜ አንድ ትርፍ የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ሮተር (ውስጡ የሚሽከረከረው) ቤት ማስቀመጥም ያዋጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤንዚን ማደያ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከገዛችሁ ጥቂቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ውሃ ካለው ከሥር ይጠራቀማል። ይህም መኪና ያቆራርጣል፤ ያኔ ገመድ ብትቀይሩ ከንቱ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ፣ አራቱን ካንዴላ ከ1 እስከ 4 በተራ ደርድረህ ፎቶ ላክልኝ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና ናቸው። አራቱም ደረቅ ጥቁር ከሆኑ ቤንዚኑ በዝቷልና ያኔ ስለ ካርቡሬተሩ እናወራለን። አንዱ ብቻ ዘይት ነክቶት ከመጣ የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።