ዲዋኑ (የመንግሥት መዝገቡ) ወደ ዐረብኛ የዞረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

የለገጣፎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ባለ መድረሳ ለ9ኛና 10ኛ ክፍል ልጆች የቅዳሜ የታሪክ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ «ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ዐረብኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ» ብሎ ያልፋል። ዓመቱ ግን አንዱ ጋ 690፣ ሌላው ጋ 697፣ ሦስተኛው ጋ 700 ነው። የቱን ልያዝ? ለልጆቹ የማሳየው አንድ እውነተኛ ሰነድም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

አቡ ሚዛን፦
ኡስታዝ፣ 690 እና 697 አይጣሉም። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮት ነው። 700 ግን ሌላ አገር ነው። ሥራው የተፈጸመው በየግዛቱ ነበር፦ ኢራቅ በ78 ሒጅራ (697 እ.ኤ.አ.) በአገረ ገዢው አል-ሐጃጅ ሥር፣ ሻም (ሶሪያና አካባቢዋ) በ81 (700)፣ ግብፅ በ87 (706)፣ ኹራሳን (የፋርስ ምሥራቅ) ደግሞ በ124 (742)። ዐብዱልመሊክ በ705 ስለሞተ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አላያቸውም።

ሲያሰሉ የሒጅራውን ዓመት በ0.97 ያባዙና 621.6 ይደምሩ፤ ወደ እኛ ለማምጣት 7 ወይም 8 ይቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዝም ብሎ 622 ሲደምር ነው። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ 78 ላይ 622 የደመረ ሰው 700 ያገኝና ኢራቅን ከሻም ጋር ያደባልቃል። ሰሌዳው ላይ ሦስቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉላቸው።

ደፍተር፦
ዓመቱ ተመለሰ፤ የዘገየበት ምክንያት ግን ለልጆቹ የበለጠ ይጠቅማል። የወታደሮች ስምና ደሞዝ የሚጻፍበት መዝገብ ከዑመር ዘመን ጀምሮ በዐረብኛ ነበር። በሌላ ቋንቋ የቀረው የኸራጁ፣ ማለትም የመሬት ግብሩ መዝገብ ነው፤ በሻምና በግብፅ በግሪክኛ፣ በኢራቅ በፋርስኛ። የመሬቱን ልክና የግብሩን ክፍልፋይ የሚያውቁት ነባሮቹ ጸሐፊዎች ነበሩ። ቋንቋው ሲዞር እንጀራቸውም አብሮ ይዞራል።

በኢራቅ ሥራውን የያዘው ሷሊሕ ኢብን ዐብዱረሕማን ሁለቱንም ቋንቋ ያውቅ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ባላዙሪ እንደሚተርከው፣ የፋርሱ ዋና ጸሐፊ ልጅ መርዳንሻህ የፋርሶቹን የክፍልፋይ ቃላት ጠርቶ «እነዚህንስ እንዴት ልታደርጋቸው ነው?» አለው። «ዑሽር እና ኒስፍ ዑሽር ብዬ እጽፋለሁ» ሲል መለሰ፤ አስረኛና የአስረኛ ግማሽ ማለቱ ነው። ፋርሶቹ «አልቻልኩም በል» ብለው 100,000 ድርሀም ቢያቀርቡለትም እምቢ አለ። ልብ ይበሉ፣ የተፈተነው በነሕው (በሰዋስው) አይደለም፤ በሒሳብ ቃል ነው። ባላዙሪ የሞተው በ892 ስለሆነ ግን ወሬው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተሻግሮ የመጣ ነው። እንደ ትረካ እንጂ እንደ ቃለ ጉባኤ አያቅርቡት።

የለገጣፎ ልጅ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይረን። ሰነዱስ?

ብራና ጠራጊ፦
ቪየና፣ በኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የ22 ሒጅራ ፓፒረስ ይውሰዱ። ግብፅ ውስጥ ኢህናስ በተባለች ከተማ የተጻፈ ደረሰኝ ነው። ዐብዱላህ የተባለ የጦር አዛዥ ለሠራዊቱ 50 በግ፣ ከዚያ ሌላ 15፣ በድምሩ 65 መረከቡን ይናገራል። ከላይ ግሪክኛ፣ ከታች ዐረብኛ ነው፤ የዲዋኑ ቋንቋ ከመዞሩ 60 ዓመት በፊት ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ልጆች የሚጣፍጠው ቀኑ ነው። ግሪክኛው «ፋርሙቲ 30» ይላል። የግብፆች ፋርሙቲ የእኛ ሚያዝያ ስለሆነ፣ ደረሰኙ የተጻፈው ሚያዝያ 30 ቀን 635 ዓ.ም. ነው። ቀኑና ወሩ ምንም ማስላት አያስፈልጋቸውም።

ንባቡ ላይ ይጠንቀቁ። ነጥብ ያለው በጥቂት ፊደላት ላይ ብቻ ነው፦ ጂም፣ ኻ፣ ዛል፣ ዛይ፣ ሺን፣ ኑን፤ እነሱም ሁልጊዜ አይነጠቡም። ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) ማ ጨርሶ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ «በይት»ን እና «ቢንት»ን ያለ ነጥብ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ልዩነቱን ይጠይቋቸው፤ አንድ ዓይነት ነው የሚሆኑት። ፎቶውን ከዚያ በኋላ ያሳዩ። በተቃራኒው ከጀመሩ «ይሄ ዐረብኛ አይደለም» ብለው ይዘጉታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ግብፅም በ706 ግሪክኛን አልጣለችም። ከ709 እስከ 714 የገዛው ቁራ ኢብን ሸሪክ ወደ ግብፅዋ ከተማ አፍሮዲቶ የላካቸው ደብዳቤዎች በዐረብኛም በግሪክኛም ተገኝተዋል።

ዐጀሚ፦
አርእስቱን «በእስላማዊ መንግሥታት ሁሉ» ብለው እንዳያሰፉት። የሰልጁቆች ጽሕፈት ቤት በፋርስኛ፣ የሙጋሎችም በፋርስኛ፣ የዑስማኒዮች ደግሞ በቱርክኛ ነበር የሚሠራው፤ ዐረብኛ የዲንና የዕውቀት ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ልጆቹ የዑስማኒ ደፍተር (መዝገብ) ሲያዩ ዐረብኛ ይመስላቸዋል። የወሎ ሸኾች በዐረብኛ ፊደል የጻፉትን የአማርኛ መንዙማ አንድ ስንኝ አጠገቡ ያስቀምጡ፤ ዐረብ ፊደሉን ቆጥሮ ያነበዋል፣ የሚገባው ግን ለእነሱ ነው።