ቤዝ ጊታር፦ ቁጥሩ ገባኝ፣ ምቱ ግን እምቢ አለኝ

ሰላም ወገን፣ እስቲ አንድ በሉኝ። ከሦስት ወር በፊት ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዝቼ በታብ (ጣት የት እንደሚያርፍ በመስመርና በቁጥር በሚያሳይ ጽሑፍ) ብቻ እየተማርኩ ነው። የታቡ የታችኛው መስመር ወፍራሙ ገመድ መሆኑን ለማወቅ ራሱ ሳምንት ፈጅቶብኛል (አይሳቅም!)። አሁን የሮክ ባንዱን የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» የሚለውን ዘፈን ይዣለሁ፣ እ.ኤ.አ. የ1973ቱን። ጣቴ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ ያሉትን ክፍፍሎች) ያገኛል። ችግሩ ታቡ የት እንደምጫን እንጂ ምን ያህል እንደምቆይ አይነግረኝም። ዘፈኑ ደግሞ የሚቆጠረው በሰባት ነው። በአራት የለመደ እግሬ ስምንተኛውን ካልመታሁ ይላል። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ምት ወደኋላ ቀርቻለሁ። በሜትሮኖም (ምት በሚጠብቅ መሣሪያ) አዘግይቼ ሞከርኩት፣ ያው ነው። አራትና ሦስት ብዬ ልከፍለው? ወይስ ታቡን ትቼ በጆሮዬ ልያዘው? በዚህ ያለፋችሁ፣ እንዴት እንደቆጠራችሁት ንገሩኝ።