46 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከውጭ አገር መጠለያ ላመጣ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ አገር ካለ የውሻ መጠለያ አንድ ትልቅ ውሻ ልወስድ አስቤያለሁ። የ3 ዓመት ወንድ ነው፣ 46 ኪሎ ይመዝናል። ከመንጋ ጠባቂ ዝርያ የተዳቀለ ነው ይላሉ። ከመንገድ ላይ አንስተውት 2 ዓመት ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ኖሯል። ያየሁት በፎቶና በ20 ሰከንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። ዓይኑ ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ9 ዓመት ልጅና አንዲት ድመት አለችኝ። መጠለያው «ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ በሁለት ሳምንት እንልክልሻለን፤ እስከ አርብ ወስኚ» ብሎኛል። ትንሽ ውሻ አሳድጌያለሁ፣ የትልቅ ውሻ ልምድ ግን የለኝም። እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ሁለት ውሾች ከውጭ ያመጣች አባል

እህቴ፣ መጀመሪያ አርብ የሚባለውን ነገር ተዪው። 2 ዓመት የጠበቀ ውሻ ሁለት ሳምንት ቢጨምር ምንም አይሆንም። የሚያጣድፍሽን ሰው ጠርጥሪ።

«ከሁሉም ጋር ይስማማል» ሲሉሽ እንዴት እንዳወቁ ጠይቂ። ከልጅ ጋር ያየው ማን ነው? ድመት አሳይተውታል? ሲበላ ሰው ቢጠጋው ምን ያደርጋል? ቤት ውስጥ ገብቶ ያውቃል? ደረጃ ወጥቶ ያውቃል? ግቢ ውስጥ ብቻ የኖረ ውሻ ደረጃ ፊት ሲደርስ እግሩ ሊታሰር ይችላል። 46 ኪሎ ደግሞ ተሸክመሽ ሁለተኛ ፎቅ አታወጪም።

ሳይቆረጥ የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ጠይቂ። በገመድ ሲሄድ፣ የማያውቀው ሰው ሲመጣ፣ ሰውነቱን ሲነኩት። ለ2 ዓመት ማንም ያልወሰደው ለምን እንደሆነም በግልጽ ጠይቂ። ምክንያቱ ትልቅነቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን ከእነሱ አፍ ስሚው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ስለ ጤናው ልጨምርልዎ። «ክትባቱን ጨርሷል» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም። ወረቀቱን ይዩ፣ ቀኖቹንም ያስተያዩ። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ውሻ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቅንጣት)፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማግኘት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ አይቆጠርም። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን ይጠበቃል። ኅብረቱ ከዘረዘራቸው አገሮች ውጭ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ክትባቱ 30 ቀን ሲሞላው ደሙ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም 3 ወር መጠበቅ አለ። ወደ አሜሪካ ለሚገባ ውሻ ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር መሙላትና ማይክሮቺፕ መያዝ ግዴታ ሆኗል። እንግዲህ «በሁለት ሳምንት» የሚሉት ይህ ሁሉ ቀድሞ ካለቀ ብቻ ነው። የእርስዎ አገር ምን እንደሚጠይቅ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ራስዎ ይጠይቁ።

ከመጠለያው አካባቢ በሽታዎችም ተነሥተው ምርመራ ያስደርጉ። በሜዲትራኒያን ዙሪያ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ሊሽማኒያሲስ አለ፤ በሰው ላይ ካላዛር የምንለው ማለት ነው። ውሻው ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። የልብ ትልም እንዲሁ፣ ከተያዘ 6 ወር ገደማ እስኪሞላው በተለመደው ምርመራ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ነፃ ነው» የሚል ውጤት ቢደርስዎም ከመጣ ከ6 ወር በኋላ ያስደግሙ። ብሩሴላ ኬኒስ የሚባለውን ባክቴሪያም አይርሱ፤ ወደ ሰው ይተላለፋል። ለትልቅ ውሻ ደግሞ የዳሌ ራጅ ያስፈልጋል።

በጉዞው ጊዜ የሚያስተኛ መድኃኒት እንዳይሰጡት ይንገሯቸው። የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን ያውክበታል። ይልቅ ሳምንታት ቀደም ብለው የሚጓዝበት ሳጥን ውስጥ እየበላ እንዲለምደው ያድርጉ። ሳጥኑ ራሱ ጣሪያውን ሳይነካ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና የሚተኛበት መሆን አለበት።

መልስ፦ ውሻው የጠፋበት አባል

እኔ ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ልናገር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ውሻዬን ስረከብ የያዝኩት በአንገት ማሰሪያ ብቻ ነበር። የመኪናው በር ተዘጋ፣ ድምፁ አስደነገጠው። ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጭንቅላቱ ከማሰሪያው ሾለከ፣ ጠፋ። 9 ቀን ፈለግሁት። ስጠራው ይሸሸኝ ነበር። ስሙን አያውቀውም፣ እኔንም አያውቀኝም። በመጨረሻ ያገኘሁት መሯሯጤን ትቼ፣ የታየበት ቦታ ላይ ምግብና የለበስኩትን ሹራብ አስቀምጬ ዝም ብዬ በመጠበቄ ነው።

ስለዚህ ሁለት ገመድ። አንዱ ከአንገት ማሰሪያው፣ ሌላው ከደረት ማሰሪያው፤ አንደኛውን ወገብሽ ላይ እሰሪው። የደረት ማሰሪያው ሆዱ ጋ ሦስተኛ ቀበቶ ያለው ይሁን፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይሾልክም። ሳጥኑን የቤትሽ በር ከተዘጋ በኋላ ብቻ ክፈቺ። ማይክሮቺፑ በስምሽና በስልክሽ መመዝገቡን ከመምጣቱ በፊት አረጋግጪ። ውጭ መልቀቅ ለብዙ ወር አይታሰብ።

ቤት ሲገባ እንግዳ አትጥሪ። ልጅሽ አይቀፈው፣ ከላይ ሆኖም አይጎንበስበት። ውሻው ራሱ ይምጣ። የሚደበቅበት ጥግ ስጪውና እዚያ ሲሆን ማንም አይንካው። «3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር» ይባላል፤ ለመረጋጋት፣ ሥርዓቱን ለመልመድ፣ ቤቴ ነው ለማለት። የእኔ ግን 8 ወር ፈጅቶበታል።

መልስ፦ የመንጋ ጠባቂ ዝርያ አሳዳጊ

እነዚህ ውሾች ሌሊቱን ነቅተው እንዲጠብቁና ያለ ሰው ትእዛዝ ራሳቸው እንዲወስኑ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ፎቅ ላይ ሆኖ በደረጃ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ በሌሊት ሊጮህ ይችላል። ጥፋቱ አይደለም፣ ሥራው ነው። ጎረቤቶችሽንና የቤት ኪራይ ውልሽን አስቢ።

ሌላ ደግሞ ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምግቡን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ከፋፍለሽ ስጪው። ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሕክምና የት እንዳለም ካሁኑ እወቂ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። እውነቱን ነገሩኝ፤ ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ድመት ያሳዩት ገና ትናንት ነው፣ በአጥር በኩል። ቪዲዮውን ልከውልኛል። አፍጥጦ አያት፣ ሲጠሩትም ዞር አላለም። አለቀስኩ። አሁን ድመት ያለው ቤተሰብ ጋ እዚያው ለ6 ሳምንት በጊዜያዊነት ሊያስቀምጡት ተስማምተናል፣ የምግቡን እኔ እከፍላለሁ። ድመቷን ከለመዳት ይመጣል። ካልሆነም ድመት የሌለው ሰው እፈልግለታለሁ።

መልስ፦ ሁለት ውሾች ከውጭ ያመጣች አባል

ጎሽ እህቴ። ያ ቤተሰብ ደረጃ ያለው ቤት ከሆነ በየቀኑ እንዲያወጡት ንገሪያቸው። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ቪዲዮውን እዚህ አምጪው፣ አብረን እናየዋለን።