ካሳቫ መሃል ቦሎቄ መዝራት አረም ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ወላይታ ቆላው ላይ ካሳቫ በ1 ሜትር በ1 ሜትር ሊተከል ነው። ቅጠሉ መሬቱን እስኪሸፍን 3 ወይም 4 ወር ስለሚፈጅ አረሙ ይቀድመዋል። መሃሉን የሚሸፍን ጥራጥሬ የቱ ነው? እንዴትስ ይዘራል?

መልስ፦ ሐረግ የማይጥል ቦሎቄ ይሻላል፤ በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል። ሙኩና (ረጅም ሐረግ የሚጥል መሬት ሸፋኝ ጥራጥሬ) አይሞከር፤ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ካሳቫውን ያጎብጠዋል። በሁለት የካሳቫ መስመር መካከል ሁለት የቦሎቄ መስመር ይግባ፦ ከካሳቫው 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ በሁለቱ መካከል 40 ይተው፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ አንድ ፍሬ። ለሄክታር 200,000 ፍሬ ይሆናል፤ ደቃቁ ነጭ ከሆነ 40 ኪሎ ገደማ፣ ትልልቁ ቀይ ከሆነ እጥፍ። ዘር ቆጥቦ ማሳሳት ትርፉ አረም ነው።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቦሎቄውም በልጅነቱ አረም አይችልም። ከበቀለ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት አንዴ ይኮትኮት፤ ካበበ በኋላ ግን አይገባበትም፣ አበባው ይረግፋል። ሰርዶና እንግጫ በጥላ ብቻ አይጠፉም። እነሱን ከተከላ በፊት ደጋግሞ አርሶ ሥራቸውን መልቀም ነው።

ጠያቂ፦ ቦሎቄው ሲደርስስ ይነቀላል?

መልስ፦ ባይነቀል። ከመሬት አጠገብ ይታጨድ፤ መንቀል አፈሩን አገላብጦ አዲስ አረም ያስነሳል፣ የካሳቫውንም ሥር ይነካል። ከተወቃ በኋላ ገለባው (ከብት ካልቀደመ) መሃሉ ላይ ይነጠፍ። ምስጥ ካለ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ።