ከስትሮክ በኋላ ለደከመ ክንድ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ልምምድ ምን ያህል ይረዳል?

ጠያቂ፦
አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወራት አልፈዋል። እግራቸው ተሽሏቸው ያለ ደጋፊ ይራመዳሉ፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን እስከ ትከሻቸው እንኳ አይነሳም፤ ጣቶቻቸውንም አንዴ ከጨበጡ በኋላ ለመዘርጋት ይቸገራሉ። ፊዚዮቴራፒያቸውን ባያቋርጡም ቤት ውስጥ እንዲሠሩ የታዘዘላቸው ልምምድ እያሰለቻቸው መጥቷል። ዓይንን የሚሸፍን መነጽር ተደርጎ፣ በምናባዊ ክፍል ውስጥ ዕቃ እያነሱ የሚያስቀምጡበት፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል ሥልጠና እንዳለ ሰማን። አንዳንዱ ተአምር ይሠራል ይላል፤ ሌላው ደግሞ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ከተለመደው ሕክምና በእርግጥ ይበልጣል? አባቴን ተስፋ ሰጥቼ መልሼ ማሳዘን ስለማልፈልግ፣ በሙያችሁም ሆነ በሕመሙ በኩል ያለፋችሁ የምታውቁትን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ የራቁ ናቸው። በ2016 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት 141 ሕሙማን ከመደበኛው ሕክምናቸው ጎን ለጎን ገሚሶቹ በእጅ እንቅስቃሴ በሚሠራው የቪዲዮ ጨዋታ በኒንቴንዶ ዊ፣ ገሚሶቹ ደግሞ እንደ ካርታ ባሉ ቀላል መዝናኛዎች ክንዳቸውን ለሁለት ሳምንት ሲያሠሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2017 ያወጣው ግምገማ 72 ጥናቶችን አጣምሮ ሲመረምር፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ በተለመደው ሕክምና ምትክ ሲሰጥ ብልጫ አላየበትም፤ በተለመደው ላይ ተጨምሮ ጠቅላላው የልምምድ ጊዜ ሲረዝም ግን የክንድ አገልግሎት ተሻሽሏል። በ2025 የታደሰው ግምገማ 190 ጥናቶችን አካትቶ ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ሲያነጻጽረው ጥቂት ብልጫ ያሳያል፤ ብልጫው ግን ትንሽ ነው።

በእኔ እምነት ዋናው ጥቅም ከመነጽሩ ሳይሆን ከድግግሞሹ ነው የሚመጣው። የተጎዳ አንጎል የጠፋውን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው ክንዱ ዓላማ ያለው ሥራ ደጋግሞ ሲሠራ ነው፤ ነገር ግን በ2009 የታተመ የምልከታ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ ሕሙማን ክንዳቸውን ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያንቀሳቅሱት በአማካይ 32 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የአንጎል ለውጥ የታየው በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ አባትዎ የሰለቻቸውን እንቅስቃሴ ሳይሰለቹ እንዲደጋግሙ የሚያደርግ ማናቸውም ዘዴ ሊናቅ አይገባውም፤ ፊዚዮቴራፒውን ትተው ወደዚህ ይዙሩ ማለት ግን አይደለም።

ከስትሮክ ያገገመ አንባቢ፦
እኔ ግራ እጄን በዚህ መንገድ አሠልጥኛለሁ። ትኩረቴ በምናባዊው ኳስ ላይ ስለሚሆን ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ያልፍ ነበር፤ ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ምናባዊ ኩባያ ክብደት የለውም፤ ሲይዙትም ጣት ላይ ምንም አይሰማም። በዚህ የተነሳ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ እውነተኛ ኩባያ ማንሳትና ፎጣ ማጠፍ ጨመርኩበት፤ ልብሴን በራሴ ለመልበስ የረዳኝ ይኸኛው ክፍል ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መነጽሩ ስላዞረኝ በአጭር በአጭሩ ነበር የምሠራው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአባቴ ጣቶች በደንብ የማይከፈቱ መሆናቸው እንቅፋት አይሆንባቸውም? ከመጀመራችን በፊትስ ምን ልንጠነቀቅ ይገባል?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እጅን በካሜራ ብቻ የሚከታተሉ መሣሪያዎች የተጨበጠን እጅ በትክክል ላይለዩት ይችላሉ፤ ለእሳቸው በእጅ ላይ የሚታሰር መቆጣጠሪያ ያለው፣ እንዲሁም ትንሿን እንቅስቃሴ በምናቡ አጉልቶ የሚያሳይ ሥርዓት ይሻላል። ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን የደረታቸው ነገር ነው፤ ክንዱ አልዘረጋ ሲል ሰው ሳያስበው መላ ገላውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጨዋታውም ይህን ሳይለይ ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ መደገፊያ ባለው ጠንካራ ወንበር ላይ ጀርባቸውን አስጠግተው ይቀመጡ፤ አጠገባቸውም የሚያያቸው ሰው ይኑር። ትከሻቸው ከመጋጠሚያው ላላ ብሎ ከሆነ ወይም የሚያማቸው ከሆነ፣ ከስትሮኩ በኋላ የሚጥል በሽታ ታይቶባቸው ከነበረ፣ ወይም በአንድ ጎናቸው ያለውን ነገር ልብ የማይሉ ከሆነ፣ የሚከታተላቸው ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀምሩ።

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊትና ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ክንዳቸው በፉግል ማየር መለኪያ እንዲመዘን ይጠይቁ፤ ይህ ከስትሮክ በኋላ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ በነጥብ የሚመዘንበት መለኪያ ሲሆን፣ የክንዱ ክፍል ከ66 ነጥብ የሚያዝ ነው። በጨዋታው የሚያገኙት ነጥብ ማደግ ጨዋታውን መልመዳቸውን ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል፣ መቀጠል አለመቀጠሉን በእሱ አይወስኑ።