ኮሞሮስ ሸቀጥ የምታስገባው ከየት ነው? ስለ አንድ መቶኛ አነባበብ የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ (ከገላን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ገላን ውስጥ ጥራጥሬ አበጥሮ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት መጋዘን ነው። ነጩ ቦሎቄ በማሽን ከተበጠረ በኋላ ሴቶች በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የተሰበረውንና የጠቆረውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ከዚያ በ50 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ ይሰፋል። አዲስ ገዢ ስናፈላልግ የሕንድ ውቅያኖሷን የደሴቶች አገር የኮሞሮስን ገቢ ንግድ የሚያሳይ የዓለም ባንክ መረጃ አገኘሁ። መለኪያው ከቀጠናዋ ውጭ ካሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የገባው ሸቀጥ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ይገልጻል። ኮሞሮስ ዋና ምግቧን ሩዝን ከሩቅ እስያ የምታስመጣ ከሆነ፣ ከቦሌ ተነስቶ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ የሚያርፍ አውሮፕላን እያለ እኛ ከሻጮቹ መካከል የማንገኘው ለምንድን ነው? መቶኛው ከፍ ሲል በሩ ለእኛም ይሰፋል ማለት ይቻላል?

ምላሽ (ከሰበታ፣ የኢኮኖሚክስ መምህር)፦

አይቻልም፤ ምክንያቱም መለኪያው የሚናገረው ስለ ሌሎች እንጂ ስለ እኛ አይደለም። የዓለም ባንክ ኢትዮጵያንም ኮሞሮስንም ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ቀጠና ውስጥ ይመድባል፤ ስለዚህ የእርስዎ ቦሎቄ ነገ ሞሮኒ ቢገባ እዚህ መቶኛ ውስጥ አይቆጠርም፤ እንዲያውም በጥቂቱም ቢሆን ዝቅ ያደርገዋል። ከፍ የሚያደርጉት እንደ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ቻይናና ብራዚል ያሉት ናቸው። ፈረንሳይና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ ገቢያቸው ከፍተኛ በመሆኑ ከነጭራሹ ውጭ ናቸው። መለኪያው ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚያየው ሻጩ በገቢ ደረጃና በቀጠና ክፍፍል የት እንደተመደበ ብቻ ነው። ለዚህም ነው አንዲት መርከብ መንገዷን ሳትቀይር ቁጥሩ ሊለወጥ የሚችለው። ለምሳሌ ባንኩ ሩሲያን እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ተርታ አስገብቷታል፤ በዚህ ምደባ መሠረት ከእርሷ የሚገዛ ስንዴ በዚህ መለኪያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ምላሽ (ከዱከም፣ ትራንዚተር)፦

መምህሩ ባሉት ላይ ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። በዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ) ላይ ዕቃው የተሠራበት አገርና ተጭኖ የተላከበት አገር ለየብቻ ይሞላሉ። የኮሞሮስ ነጋዴዎች ዱባይ ሄደው ብዙ ይገዛሉ፤ ቻይና የተሠራ ብርድ ልብስ ዱባይ ላይ ተገዝቶ ሲላክ የሚመዘገበው በተላከበት አገር ከሆነ ከሩቅ ታዳጊ አገር እንደመጣ አይታይም። ስለዚህ ያገኙት መቶኛ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ግን መንገዱ ነው። ብዙዎቻችን የኮሞሮስን ስም የሰማነው በኅዳር 1989 ዓ.ም. በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ነው፤ በካርታ ስናየው ቅርብ ስለሚመስለን እንሳሳታለን። ቦሎቄው ከገላን በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከጅቡቲ በኋላ ደግሞ በሌላ ወደብ ከመርከብ ወደ መርከብ መገልበጥ ሊኖርበት ይችላል። የሞሮኒ ወደብ ጥልቀት የለውም፤ ትልልቅ መርከቦች ከዳርቻው ራቅ ብለው ቆመው ጭነታቸው በጀልባ ይወርዳል። ጥልቅ ወደብ ያለው አንጁዋን ደሴት ላይ ሙትሳሙዱ ነው። የሕንድም ሆነ የፓኪስታን ሩዝ ይህን ሁሉ ወጪ የሚችለው በብዙ ሺህ ቶን ስለሚጫን ነው። እናንተ አንድ ኮንቴይነር ብትልኩ የየብስ ኪራዩ፣ የጅቡቲ ወደብ ክፍያና የመገልበጫው ወጪ በዚያችው አንድ ኮንቴይነር ላይ ይወድቃል። አውሮፕላኑንም አይመኩበት፤ የአየር ኪራዩ የቦሎቄውን ዋጋ ይውጠዋል፤ የሚያዋጣው ናሙና ለመላክ ነው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ከዚህ ቁጥር ይልቅ ምን ልመልከት?

ምላሽ (ከሰበታ)፦

ጥቅል መቶኛውን ይተዉና ኮሞሮስ ደረቅ ጥራጥሬ ከማን እንደምትገዛ በሸቀጥ ኮድ ተለይቶ የተመዘገበውን ይፈልጉ፤ የገዢውን መዝገብ ሻጮቹ አገሮች ወደ ኮሞሮስ ላክን ብለው ከመዘገቡት ጋር ያስተያዩት። ሩዝን እንደ ምሳሌ አይውሰዱ፤ ኦኒኮር የሚባል የመንግሥት ድርጅት በብዛት የሚያስመጣው በመሆኑ በተራ ነጋዴዎች መካከል ያለውን ገበያ አያሳይም። ለእርስዎ የሚበጅ አንድ ነገር ግን አለ፤ የኮሞሮስ ፍራንክ ከዩሮ ጋር በቋሚ ምንዛሪ የታሰረ ነው፤ አንድ ዩሮ 491.96775 ፍራንክ ነው። ስለዚህ በዩሮ ዋጋ ሰጥተው ሲደራደሩ የገዢዎ ወጪ እንደኛ ብር በየጊዜው አይዋዥቅም። ሁለቱም አገሮች የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባላት ቢሆኑም አባልነት ብቻውን ቀረጥ አያስቀርም፤ ገዢው እዚያው ካለው ጉምሩክ የሚከፍለውን ቀረጥ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁት።

ምላሽ (ከዱከም)፦

እኔ ብሆን ዳሬሰላም ወይም ሞምባሳ ተቀምጦ ለደሴቶቹ የተለያየ ሸቀጥ በአንድ ኮንቴይነር አሰባስቦ የሚልክ ነጋዴ እፈልግ ነበር። በዚያ መንገድ የእርስዎ ድርሻ ጥቂት ጆንያ ቢሆንም ኪራዩን ከሌሎች ጋር ይካፈላሉ። የስሪት አገር ማረጋገጫውንና የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን ግን ዕቃው ከገላን ከመውጣቱ በፊት ያስጨርሱ፤ ጭነቱ መንገድ ከጀመረ በኋላ የጎደለ ወረቀት ማሟላት ዕቃውን ወደብ ላይ አስቀምጦ የመጋዘን ክፍያ ያስቆጥራል።