የቶኪዮው 10 ሺህ፦ እውነት ልጆቻችን «ተኝተው ሮጡ»?

የፒያሳ ልጅ
እሁድ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የቶኪዮውን የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ካፌ ሆነን አየን። ጂሚ ግሬሲዬ ከፈረንሳይ፣ 28:55.77። የእኛው ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ 28:55.83። ሦስተኛ ስዊድናዊው አንድሬያስ አልምግረን። ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ መድረክ አልወጡም።

ሩጫው ሲያልቅ ካፌው ጸጥ አለ። አስተናጋጁ ማኪያቶ የሞላ ትሪ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት «ይሄ ዕድል ነው፤ ስድስት መቶኛ ሰከንድን ማን ይቆጣጠራል?» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ተናድጄ የምጽፈው በዚህ ነው።

ስድስት መቶኛዋ ዕድል ትሁን። ከእሷ በፊት ያለው 28 ደቂቃስ? በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ 10 ሺህን በዚህ ያህል የዘገየ ሰዓት ያሸነፈ የለም። ዮሚፍ እኮ በ2024 ስፔን ኔርሃ ላይ በተደረገው የኦሎምፒክ ማጣሪያችን 26:31.01 የገባ ልጅ ነው። በሪሁ እዚያው 26:31.13። ከራሳቸው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ዘግይተው ሮጡና መጨረሻ ላይ ከአጨራረስ ጀግኖች ጋር የመቶ ሜትር ግብግብ ገጠሙ። አዝናለሁ ግን እላለሁ፦ ተኝተው ሮጡ።

ካዛንቺስ
ወንድሜ፣ «ተኝተው ሮጡ» ያልከውን መልሰህ ዋጠው።

ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይስ ተኝተው ነበር? እነዚሁ ሦስት ልጆች ናቸው። እየተቀያየሩ ከፊት ሆነው ፍጥነቱን ጨመሩት። 13 ሯጭ ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን 27:01.17 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሻሻለ። ወርቁን ማን ወሰደው? ከኋላ ሆኖ ጉልበቱን የቆጠበው ቼፕቴጌ፣ በ26:43.14። በሪሁ በ26:43.44 ብር። አሜሪካዊው ፊሸር በ26:43.46 ነሐስ። ያኔ እዚሁ ሰፈር ምን እንደተባለ አልረሳሁም። «ለኡጋንዳዊው አሯሯጭ ሆኑለት» ተባለ። አሁን ደግሞ ቆጥበው ሲሮጡ «ተኙ»። ምን ያድርጉላችሁ?

የፒያሳ ልጅ
ፓሪስ ላይ ቼፕቴጌ ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው፣ 26:11.00። በእሱ መሸነፍ ያማል እንጂ አይገርምም። ቶኪዮ ላይ ቼፕቴጌ አልሮጠም። ኬንያም መድረክ አልወጣችም። መንገዱ ክፍት ነበር።

ለገሃር
ሒሳቡን እኔ ልሥራው። 28:55 ማለት በአማካይ አንድ ዙር በ69 ሰከንድ ከምናምን ነው። ኔርሃ ላይ የሮጡት በ63 ከምናምን። በዙር ስድስት ሰከንድ ገደማ ልዩነት አለ። እንዲህ ሲሆን የሁሉም እግር ትኩስ ሆኖ የመጨረሻው ዙር ደወል ይደወላል። ያኔ 26:31 የሮጠውም 27 ደቂቃ የሚሮጠውም እኩል ናቸው። ሰዓትህ አያድንህም። የፒያሳው ልጅ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ግን የቶኪዮን ወበቅ ረስቷል። በወበቅ ላብ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ከፊት የሚመራው ንፋሱንም ሙቀቱንም ለብቻው ይጋፈጣል፣ ከኋላው ያለው ይጠለልበታል። በዚያ አየር ከ10 ዙር በፊት ፍጥነት የሚጨምር ሰው ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። እንቅልፍ አይባልም፣ ፍርሃት በለው።

የፒያሳ ልጅ
እሺ፣ ፈሩ። ፍርሃት ከእንቅልፍ ይሻላል?

ጋሽ አራት ኪሎ
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ1972 ዓ.ም. ክረምት በሞስኮ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ላይ ምሩጽ ይፍጠር ሲሮጥ እኔ አራት ኪሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሬዲዮ ከበው ከሚያዳምጡት አንዱ ነበርኩ። ሬዲዮው ጎረቤት መስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝናብ ይጥላል፣ ማንም ወደ ቤቱ አልገባም።

ያን ቀን ምሩጽ ብቻውን አልሮጠም። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ነበሩ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ይፈጥናሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ደግሞ ይፈጥናሉ። የፊንላንዱ ቪረን እግሩ ተበላሸበት። ከዚያ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። ወርቅ። መሐመድ ነሐስ። ቶሎሳ አራተኛ። ቶሎሳን ዛሬ ማን ያነሳዋል? ግን ያ ወርቅ የእሱም ነው።

እሁድ ያየሁት ሦስት ጎበዝ ልጆች ናቸው። አንድ ቡድን አላየሁም።

የመስቀል አደባባይ ደረጃ
ጋሼ፣ እጅ እነሳለሁ። ግን ሞስኮ ላይ ገንዘብ አልነበረም።

የዓለም ሻምፒዮና ለአንደኛ 70 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ለሁለተኛ 35 ሺህ። ለሦስተኛ 22 ሺህ። ከስምንተኛ በኋላ ምንም የለም። በሙቀት ከፊት ሆኖ 15 ዙር የሚጎትተው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ቢወጣ ምን ይዞ ይመለሳል? የእሱም እናት አገር ቤት ትጠብቃለች።

ይህን የምለው ከውጪ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ ለአንድ ክለብ ሮጫለሁ። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ዚግዛግ ስንወጣ ስንወርድ አድገናል። አንድ ቀን 10 ሺህ ላይ አሰልጣኛችን «አንቺ ጎትቺ፣ እሷ ትጨርሳለች» አለኝ። ጎተትኩ። 18 ዙር። ደረቴ እየነደደ ነበር። ልጅቷ አሸነፈች፣ እኔ ዘጠነኛ ወጣሁ። ሽልማቱን ስትቀበል አጨበጨብኩላት፣ ከልቤ። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ ሲቀንስ መስፈርቱ ደረጃ ነበር። ዘጠነኛዋ እኔ ተቀነስኩ። ያን ቀን ማን እንደጎተተ የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ «ቡድን» ስትሉ ለሚጎትተው ምን እንደምትሰጡት አብራችሁ ንገሩኝ።

ስድስት ኪሎ
እህቴ ዋናውን ነገር ነካሽው። መልሱ ፌዴሬሽኑ ጋ ነው። ለሚጎትተው ከወርቁ ሽልማት ድርሻ ይወሰንለት፣ ከውድድሩ በፊት፣ በጽሑፍ። አሁን ፕሬዚዳንቱ ስለሺ ስህን ነው። ከእሱ በላይ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። አቴንስ 2004 ብር፣ ሄልሲንኪ 2005 ብር፣ ኦሳካ 2007 ብር፣ ቤጂንግ 2008 ብር። ሁሉም በ10 ሺህ። ብርን ሽንፈት የሚል ሰው ስለሺን ተሸናፊ እያለ ነው።

የፒያሳ ልጅ
ስለሺን አታስገባብኝ። ስለሺ ብር ባመጣባቸው በአራቱም ውድድሮች ከፊቱ የነበረው ቀነኒሳ ነው። ወርቁም ብሩም አገር ቤት ገባ። አቴንስ ላይ ደግሞ ሁለቱ እየዞሩ የተጎዳውን ኃይሌን ሲጠብቁ ዓለም አይቷል። ያ ብር የቡድን ብር ነው። የእሁዱ ብር ከፊቱ ፈረንሳዊ ያለበት ብር ነው።

ካዛንቺስ
ፈረንሳዊ መሆኑ ምን ያደርጋል? ሁላችሁም «በፈረንሳዊ ተሸነፍን» እያላችሁ ነው። ልጁ ሮጦ አሸነፈ። ሞ ፋራህ ለእንግሊዝ ሮጦ በ2013፣ በ2015፣ በ2017 ይሄንኑ ርቀት አልወሰደብንም? 10 ሺህ የእኛ ርስት ነው የሚለው ሐሳብ ነው ያሳወረን። ግሬሲዬ የመጨረሻዋን ቀጥታ እንዴት እንደመጣ አላያችሁም? ትከሻው አልተወዛወዘም፣ አፉ ብቻ ተከፍቷል። ያን አጨራረስ ለዓመታት ሠርቶበታል። አክብሩት።

የፒያሳ ልጅ
አከብረዋለሁ። ያላከበርኩት የእኛን አሯሯጥ ነው። አጨራረስ እንዳለው ከታወቀ እሱን ይዞ እስከ መጨረሻው ቀጥታ መሄድ ምን ይባላል?

ለገሃር
ዮሚፍም አጨራረስ አለው እኮ። በ2019 በቤት ውስጥ ውድድር አንድ ማይልን በ3:47.01 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የ3 ሺህ ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሁለት ጊዜ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው «አጨራረሴ ይበቃኛል» ቢል አልፈርድበትም። ስድስት መቶኛ ሰከንድ እስኪቀረው ድረስ ልክ ነበር።

ስድስት ኪሎ
እሱ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ጎዳና ወጥቷል። በ2024 ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ57:30 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ጎዳና ያንን የመጨረሻ ፍጥነት ይበላል።

ለገሃር
ግሬሲዬም ጎዳና ይሮጣል። ግማሽ ማራቶን ከአንድ ሰዓት በታች ይገባል። የእሱን ለምን አልበላበትም?

ስድስት ኪሎ
እሱ መሙን፣ የስታዲየሙን መሮጫ፣ አልተወም።

ለገሃር
ዮሚፍም አልተወም። እሁድ የት ያየኸው ይመስልሃል?

ጋሽ አራት ኪሎ
መም ካነሳችሁ ዘንድ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ስንት ዓመት ሰነበተ? ድሮ ከለገሃር ወደ ስታዲየም በእግራችን ሄደን የአገር ውስጥ ሻምፒዮና እናይ ነበር። ሯጮቹ በመጨረሻው ዙር ሲመጡ ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ክፍል የተቀመጠው ሰው በአንድ ድምፅ ይጮህ ነበር። ልጅ አጨራረስ የሚማረው እዚያ ጩኸት ውስጥ ነው።

ካዛንቺስ
ጋሼ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን የምንነጋገረው ልጆቹ ላይ ስለተለጠፈው ስም ነው። «ተኝተው» ተብሎ ስለተጻፈው። እኔ ያንን አልለቅም።

በዚያው እሁድ በእኛ ሌሊት ሴቶቹ ማራቶን ሮጡ። ትዕግስት አሰፋ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ታግላ በሁለት ሰከንድ ተበለጠች። ጄፕቺርቺር 2:24:43፣ ትዕግስት 2:24:45። እሷም ተኝታ ነበር? በአንድ ቀን ሁለት ብር፣ አንዱ በሁለት ሰከንድ፣ አንዱ በስድስት መቶኛ። እነዚህ ሰዎች የሰጡን ያላቸውን ሁሉ ነው።

የፒያሳ ልጅ
ትዕግስትን ማን ነካት? ትዕግስት ሞታ ነው የገባችው። ስለእሷ አንድ ቃል አልጻፍኩም። እኔ ስለ 10 ሺህ ወንዶች እየጻፍኩ አንተ ማራቶን ታመጣለህ።

ዮሚፍንም ሰነፍ አላልኩትም። መስመሩ ላይ ያ ረጅም ሰውነቱ እንዴት እንደተዘረጋ አይቻለሁ። ደረቱን ወርውሮ ነው የገባው። ያንን ሳይ ነው ያለቀስኩት። ያን ያህል ጉልበት በመጨረሻው መቶ ሜትር ከነበረው አምስት ዙር ሲቀረው ለምን አላወጣውም? ጥያቄዬ ይሄ ብቻ ነው።

የመስቀል አደባባይ ደረጃ
ኃይሌ ሲድኒ 2000 ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ሲያሸንፍ ማንም «ለምን ቀድመህ አልወጣህም» አላለውም። 27:18.20 በ27:18.29። ያኔ ጨፈርን። መንገድ ሞላ። ያው አሯሯጥ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሜትር ጠብቆ መተኮስ። ሲያሸንፍ ጥበብ አልነው፣ ሲሸነፍ እንቅልፍ አልነው። ልዩነቱ ጥቂት መቶኛ ሰከንድ ነው። ወንድሜ፣ ይሄ እንዴት ፍርድ ይሆናል?

የፒያሳ ልጅ
ሲድኒ ላይ ኃይሌ የተከተለው ቴርጋትን ነው። ቴርጋትን ደግሞ ያውቀዋል፣ አትላንታ ላይም አሸንፎታል። ደግሞም ሰዓቱን ከቶኪዮው ጋር አስተያዪው። ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጥናል። ያ ሩጫ ከመጨረሻው መቶ ሜትር በፊት ብዙ ሰው አራግፏል። የእሁዱ ማንንም አላራገፈም።

ለገሃር
ይሄኛው መልስ ጠንካራ ነው። እቀበላለሁ።

ካዛንቺስ
እኔ አልቀበልም። «ተኝተው» የሚለው እስካልተነሳ ድረስ ከዚህ ልጅ ጋር አልስማማም።

*(ከሳምንት በኋላ)*

ስድስት ኪሎ
ዛሬ 5 ሺውም አለቀ። አሜሪካዊው ኮል ሆከር ወርቅ፣ ቤልጅጋዊው ኪመሊ ብር፣ ያው ግሬሲዬ ነሐስ። የእኛ ልጅ መድረክ ላይ የለም። ሻምፒዮናው ሲዘጋ ያለን ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ ነው። የዮሚፍና የትዕግስት ብር፣ የጉዳፍ ጸጋይ የ10 ሺህና የሲምቦ ዓለማየሁ የመሰናክል ነሐስ። ወርቅ የለም። ኬንያ ሰባት ወርቅ ይዛ ገባች።

የፒያሳ ልጅ
አሁንም ዕድል ነው የሚል አለ?

ካዛንቺስ
አሁንም ተኝተው ነው የምትል ካለህ ንገረኝ።

ጋሽ አራት ኪሎ
ልጆች፣ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። ያቺ ልጅ የጠየቀችውን ማንም አልመለሰላትም። የሚጎትተው ማን ይሁን? ምን ይሰጠው?

የፒያሳ ልጅ
ጋሼ፣ ለእኔ ሰለሞን ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ አለው፣ ቶኪዮ 2021 ላይ አግኝቶታል። የሚያስመሰክረው ነገር የለውም። እሱ ይጎትት፣ ዮሚፍ ይጨርስ።

የመስቀል አደባባይ ደረጃ
ለምን ሰለሞን? ወርቅ ስላለው ሁለተኛ አይገባውም? እኔ የምለው በሪሁ ነው። ፍጥነት መጨመር ይወዳል፣ ፓሪስም አሳይቷል።

ካዛንቺስ
በሪሁ? ፓሪስ ላይ ብር ያመጣልንን ልጅ አሯሯጭ ልታደርጊው?

የመስቀል አደባባይ ደረጃ
አየህ? አንተም ለሌላ ሰው ተውከው። የእኔም አሰልጣኝ እንዲሁ ነበር ያደረገው።